በፍላሽ ኮምቦልቻ የደረሰው ሶፍትዌር

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላሉ ሱቆች ዕቃና ዱቤ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ሠርቼ እሸጣለሁ። የጽሑፍ ውል የለንም። በቅርቡ አንድ ደንበኛዬ በፍላሽ ገልብጦ ኮምቦልቻ ላለው ወንድሙ እንደ ሰጠ ሰማሁ። አሁን ከአንድ የውጭ ፕሮግራም የወሰድኩትን ረጅም የእንግሊዝኛ ስምምነት ስሙን ብቻ ቀይሬ መጫኛው ላይ ላስገባ አስቤአለሁ። ይበቃኛል?
ከደሴ

መልስ፦ አይበቃህም፣ ወንድሜ። ያ ስምምነት ክርክሩ በካሊፎርኒያ ይታይ የሚል አንቀጽ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ከፒያሳ ነጋዴ ጋር እዚያ ልትሟገት ነው? ይባስ ብሎ በእንግሊዝኛ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686፣ አንዱ ወገን አዘጋጅቶ የሚያቀርባቸው ጠቅላላ የውል ሁኔታዎች ሌላውን የሚያስገድዱት አውቆ ከተቀበላቸው ነው ይላል፤ በመንግሥት የታዘዙ ወይም የጸደቁ ካልሆኑ በቀር። ነጋዴው «እስማማለሁ» የሚለውን የነካው መስኮቱ እንዲዘጋለት ብሎ ከሆነ፣ ዳኛ ፊት ምን ይዘህ ትቆማለህ?

አብሽር፣ ባዶ እጅህን አይደለህም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል፤ ምዝገባ አይጠይቅም። ለደንበኛው የሚፈቅደው ለመጠባበቂያ የሚሆን ቅጂ ነው። የወንድም ሱቅ መጠባበቂያ አይደለም።

አሁን ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ውል በአማርኛ ጻፍ። የምትሰጠው የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን መጀመሪያ አስፍር፤ ቤት ያከራየ ሰው ቁልፍ ሰጠ እንጂ ካርታ አላስተላለፈም። ቀጥሎ በስንት ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫን ጻፍ፤ «ቅርንጫፍ፣ ወንድም፣ ሸሪክ» የሚሉትንም በስማቸው ጥቀስ፣ ሱቅ እዚህ የአንድ ሰው ብቻ የሚሆነው ስንት ጊዜ ነው? ለሁለተኛው ሱቅ ዋጋውን ዝቅ አድርገህ ውሉ ላይ አስቀምጥለት። መገልበጥ የሚያጓጓው ዋጋው ሲከብድ ነው።

የዱቤው መዝገብ የነጋዴው ነው። ክፍያ ሲቋረጥ አዲስ ምዝገባ ይቁም፣ የቆየውን አውጥቶ የሚወስድበት ጊዜ ግን ስጠው። የሰው መዝገብ መያዣ የሚያደርግ ባለሙያ ስሙ ሰኞ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። መዝገቡ የባለዕዳዎችን ስምና ስልክ ስለያዘ፣ ለጥገና ስትገባ ለሌላ አሳልፈህ እንደማትሰጥ ጻፍ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

«ለምንም ነገር ተጠያቂ አይደለሁም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ተዋት። ኃላፊነትን በውል መገደብ ይቻላል፤ በራስህ ጥፋት ለደረሰው ጉዳት ግን አታድንህም። ይልቅ ማታ ማታ ቅጂ ማስቀመጥ የባለሱቁ ድርሻ መሆኑን ግለጽ።

አንድ ነገር ደግሞ መርምር፦ በጂፒኤል ፈቃድ (ማንም ገልብጦ እንዲያሰራጭ የሚፈቅድ፣ ከእሱ ጋር ተዋህዶ የሚሰራጨውም በዚሁ ፈቃድ እንዲወጣ የሚያስገድድ የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ) የወጣ የሌላ ሰው ኮድ ከሶፍትዌርህ ጋር ካዋሃድክ፣ ገልብጦ መስጠትን ልትከለክል አትችልም።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኮምፒውተር ለተደረገ ውል ዕውቅና ይሰጣል። እኔ ግን ለፒያሳ ሱቆች በወረቀት አስፈርም እላለሁ፤ ነባሮቹንም ቀጣዩን ማሻሻያ ስትጭንላቸው። የኮምቦልቻውን ሰው በክስ አትጀምረው። ሶፍትዌሩን ለምዶታል፤ ውሉን ይዘህ ሂድና የሁለተኛ ሱቅ ዋጋ አስከፍለው።