መልስ፦ የጤና መድህን ካርድ እያለ ለምን ክፈሉ ይባላል?

«እናቴ የጤና መድህን ካርድ አላት፤ ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ ሆስፒታል ስንወስዳት ለምን ክፈሉ ተባልን?» ላልሽው፣ የጎደለው የሪፈር ወረቀት ነው። ካርዱ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ወደ ተመደበችበት ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ሕመሙ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፉላታል። እሱንና የዘንድሮ እድሳት ያለበትን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ድንገተኛ ከሆነ ግን ሪፈር ፍለጋ አትንከራተቱ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ከጤና ጣቢያው ሳትወጡ ወረቀቱን አንብቢው። ስሟ በካርዱ ላይ እንዳለው መጻፉን፣ ማኅተምና ፊርማ መኖሩን እዪ።

ሪፈር ሰውን ማጉላላት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ጉንፋኑም ወባውም ደሴ ከወረደ በጽኑ የታመመው ወረፋ አያገኝም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሐይቅ ያለችባት ተሁለደሬ እኮ መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ናት። ይህን ያህል ዘመን አልፎም መዋጮ ሲሰበሰብ ይህን ቀላል ነገር ለእናቶቻችን በወጉ የሚያስረዳ አለመኖሩ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ሆስፒታሉ መድኃኒቱ የለም ካለ፣ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ከመሮጣችሁ በፊት እንደሌለ በማዘዣው ላይ ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት ጠይቂ፤ የግዢውንም ደረሰኝ ያዢ። ጎረቤቶቻችን ደረሰኝ ብቻ ይዘው ገንዘባቸውን ሊጠይቁ ሄደው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አይቻለሁ።