አዛውንትና የሽንት ኢንፌክሽን፦ ጠይቁኝ ብዬ ነበር

ነርስ ነኝ፤ ደሴ ነው የምሠራው። አረጋዊ የምታስታምሙ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የመጡትን እነሆ።

ከሆጤ፦ እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትቀባዥራለች፣ የሞተ ወንድሟን ትጠራለች። ትኩሳት የላትም። ጎረቤታችን «ሽንት ነው፣ ሲፕሮ (የባክቴሪያ መድኃኒት) ስጫት» አለችኝ።

አትስጫት እህቴ። በሁለት ቀን የመጣ መቀባዠር እርጅና አይባልም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ሽንት ሊሆን ይችላል። ግን የሳንባ ምች፣ የውሃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒትም እንዲህ ያደርጋሉ። ትኩሳት የለም ብለሽ አትዘናጊ፤ አዛውንት ኢንፌክሽን ይዟቸው ገላቸው ላይግል ይችላል። ሲፕሮ ደግሞ በዚህ ዕድሜ እንደ ዋዛ የሚዋጥ አይደለም። ጅማት ይጎዳል፣ የስኳር ኪኒን የሚወስድን ሰው ስኳር ያወርዳል፣ ራሱም ያቀባዥራል። ስትሄዱ የምትውጣቸውን ኪኒኖች ሁሉ በፌስታል ያዢ።

ከኮምቦልቻ፦ አባባ ለግፊት ክትትል ሄደው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ። ምንም አያማቸውም። መድኃኒት ይጀምሩ?

ካላቃጠላቸው፣ ቶሎ ቶሎ ካላጣደፋቸው፣ ትኩሳት ከሌላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። በዚያ ዕድሜ ባክቴሪያ ሳይጎዳ ሽንት ውስጥ መኖሩ የተለመደ ነው። ለላብራቶሪ ወረቀት ተብሎ የሚዋጥ ኪኒን ትርፉ ባክቴሪያውን መድኃኒት ማላመድ ነው። የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ካላቸው ግን ለሐኪሙ ንገሩ።

ከቧንቧ ውሃ፦ የደሴ ብርድ ነው የሚያመጣው ይባላል፤ እውነት ነው?

ብርድ ባክቴሪያ አይፈጥርም። ነገር ግን በብርድ ጥም ይጠፋል፣ ውሃ አይጠጣም። ሌሊት ከብርድ ልብስ ላለመውጣት ደግሞ ሽንት ይቋጠራል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ማታ ፖፖ አልጋ ሥር አስቀምጡ። «ውሃ ጠጪ» ሲሏት እምቢ የምትል እናት፣ ከአቦሉም ከቶናውም ከበረካውም ጋር ለብ ያለ ውሃ ቢቀርብላት ሳታስበው ትጠጣለች። (የኛ ሰው ቡና ላይ ሲቀመጥ እምቢታው ይቀንሳል።) የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ካለ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ከሰኞ ገበያ፦ አያቴ ዳይፐር ነው የምትጠቀመው። ኢንፌክሽኑ እየተመላለሰ አስቸገራት።

ከፊት ወደ ኋላ እጠቢያት፤ ንጹህ ውሃ ይበቃል፣ ዴቶሉን ተዪው። እርጥብ ዳይፐር ላይ አትቆይ። የሆድ ድርቀት ካላት እሱም ይታከም። ደጋግሞ ሲመለስ ኪኒን ከመጀመሯ በፊት የሽንት ካልቸር እንዲሠራላት ጠይቂ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚያሳየው እሱ ነው። ላረጡ ሴቶች ብልት ውስጥ የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም አለ፣ መመላለሱን ይቀንሳል። ሐኪሟን ለመጠየቅ አትፈሪ።

ከኮምቦልቻ፦ እናታችን ታማ ረመዳንን ልጹም ትላለች።

ለታመመ ሰው ሃይማኖቱም ፈቅዷል። ከእናንተ ይልቅ የመስጊዱ ኢማም ቢነግሯት ትሰማለች።

ከፒያሳ፦ አባቴ የሽንት ቱቦ ገብቶለታል። ሽንቱ ይሸታል።

ሽታ ብቻውን ኢንፌክሽን አያሰኝም። ሽንቱ የሚጠራቀምበት ከረጢት ሁልጊዜ ከሽንት ፊኛው ዝቅ ይበል፣ ወለል ግን አይንካ። ካንቀጠቀጠው፣ ጎኑን ከወጋው፣ ካስመለሰው ወይም ቱቦው ሽንት ማውረድ ካቆመ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተህ ውሰደው።