የአሜሪካ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለምን አልጸናም?

እህቴ፣ ልጅሽ ለፈተና ሲያጠና አሜሪካ ከአሁኑ ሕገ መንግሥቷ በፊት ሌላ እንደነበራት አንብቦ «እነዚያ ሁሉ ብልህ ሰዎች እንዴት እንዲህ ያለ ደካማ መንግሥት አቋቋሙ?» ብሎ እንደጠየቀሽ ጽፈሻል። አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣ ነበር። መልሱ ፍርሃት ነው። ደካማ ያደረጉት አውቀው ነው።

ሰነዱ «የኮንፌዴሬሽን አንቀጾች» ይባላል። ከእንግሊዝ ለመላቀቅ ይዋጉ የነበሩት የ13ቱ ግዛቶች ልዑካን፣ ኮንግረስ በሚባለው ጉባኤያቸው ያጸደቁት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1777 ነው፤ ፊላዴልፊያ በእንግሊዝ ጦር ተይዛ ስለነበር የተሰበሰቡት ዮርክ በምትባል ከተማ ነበር። ከባሕር ማዶ ቀረጥ የሚጥልባቸውን ንጉሥ እየተዋጉ፣ በገዛ እጃቸው ሌላ ቀረጥ ጣይ ማንገሥ አልፈለጉም። ስለዚህ ለኮንግረሱ ግብር የመጣል ሥልጣን ከለከሉት። ራሱን የቻለ አስፈጻሚ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንት የሚባለውም የስብሰባ መሪ ብቻ ነበር። ሰፊዋ ቨርጂኒያም ትንሿ ሮድ አይላንድም እኩል አንድ አንድ ድምፅ ነበራቸው። ለከባድ ጉዳዮች 9 ግዛቶች ይበቃሉ፤ አንቀጾቹን ለማሻሻል ግን 13ቱም መስማማት አለባቸው። ልጅሽ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ከሆነ ይህን የመጨረሻውን ይያዝ።

በቃል ሳስረዳ አልገባ ሲላቸው፣ አንድ ዓመት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የሽምብራ ቆሎ ገዛሁ። 13 ተማሪዎች የግዛት ስም የተጻፈበት ካርቶን ያዙ፤ ለእያንዳንዳቸው 20 ፍሬ ቆጥሬ ሰጠሁ። አንድ ልጅ ደመወዙን የሚጠብቅ ወታደር ሆኖ ሰሌዳው ሥር ቆመ። ኮንግረሱ የጠየቀው ከ20 ፍሬ አንዷን፣ ማለትም 5 በመቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1781 ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ እንዲጣል የተጠየቀውም ቀረጥ 5 በመቶ ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ እየተነሡ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ሮድ አይላንድን የያዘችው ልጅ ግን መዳፏን ጨብጣ «የእኔን አልሰጥም» አለች። እንዲህ በይ ያላት ማንም አልነበረም። ቀረጥ ለመጣል አንቀጾቹ መሻሻል፣ ለዚያም 13ቱ መስማማት ነበረባቸው፤ ደንቡ ደንብ ነውና የተቀመጠውን ሁሉ ለየባለቤቱ መለስኩ። ወታደሩ ባዶ እጁን እያየ «የእኔስ?» ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ።

የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1782 ሮድ አይላንድ እምቢ አለች፤ ቀረጡም ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በጁን ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላዴልፊያ ላይ የኮንግረሱን መሰብሰቢያ ከበቡ፤ ልዑካኑም ከተማዋን ለቀው ወደ ፕሪንስተን ሄዱ። የሠፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ስላገለገልሁ ይህ ይገርመኛል፤ ዕድር እንኳ ቀሪን ይቀጣል፣ መዋጮ ያቋረጠውን ከመዝገብ ይሰርዛል። ኮንግረሱ ግን መለመን እንጂ ማስገደድ አይችልም ነበር።

ሆኖም «ደካማ ነበር፣ ተተካ» ተብሎ ሲታለፍ ያሳዝነኛል። በዚያ መንግሥት ሥር ጦርነቱ በድል ተጠናቆ እ.ኤ.አ. በ1783 የፓሪስ ውል ተፈረመ። በ1787 ደግሞ ከኦሃዮ ወንዝ ሰሜን ምዕራብ ያለው ምድር ወደ አዳዲስ ግዛቶች የሚለወጥበትን መንገድ የሚደነግግ ሕግ ወጣ፤ አዲሶቹ ከነባሮቹ እኩል እንዲሆኑ፣ ባርነትም በዚያ እንዲከለከል የሚያዝ ሕግ ነው። ይህን ያደረገ መንግሥት ከንቱ ነበር አይባልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ሄደ። ሌላ የቀረጥ ጥያቄ ቀርቦ በኒው ዮርክ እምቢታ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1786 በማሳቹሴትስ ዕዳ ያስጨነቃቸው ገበሬዎች ዐመፁ፤ በዓመቱ ፊላዴልፊያ ላይ አዲስ ሕገ መንግሥት ተረቀቀ። አርቃቂዎቹ የ13ቱን ስምምነት አልጠበቁም፤ 9 ግዛቶች ሲያጸድቁት በእነዚያ ዘንድ እንዲጸና ደነገጉ። ሮድ አይላንድ ወደ ጉባኤው ልዑክ እንኳ አልላከችም። ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1789 ቃለ መሐላ ሲፈጽም እርሷ ገና ከውጭ ነበረች፤ ያጸደቀችውም በሜይ 1790፣ በ34 ለ32 ድምፅ ነው።