በግ ተራ ሂዱ

የጥንት ሰውን ታሪክ ማጥናት የምትፈልጉ ልጆች "ከየት ልጀምር?" ትሉኛላችሁ። የምትጠብቁት የኮምፒውተር ፕሮግራም ወይም የስኮላርሺፕ ስም እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን በግ ተራ ሂዱ ነው የምላችሁ። በግ ሲገዛ ቁጭ ብላችሁ እዩ።

እውነቴን ነው። ልምድ ያለው ገዢ የበጉን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ያያል። ከፊት የወተት ጥርሱን ጥሎ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ካወጣ ዓመት አልፎታል። ዕድሜዬን ሙሉ ከአፈር በወጣ አጥንት ላይ የሠራሁት ሥራም መነሻው ይኸው ነው።

አቡ ሁረይራን ላጫውታችሁ። ሶርያ ውስጥ ኤፍራጥስ ወንዝ ዳር የነበረ የጥንት መንደር ነው። ግድብ ተሠርቶ ውሃው ሊውጠው ሲል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 እና በ1973 በጥድፊያ ተቆፈረ። ዛሬ ሐይቅ ውስጥ ነው። በመንደሩ የመጀመሪያ ዘመናት ከተጣለው አጥንት አብዛኛው የጋዜል ነበር፤ ጋዜል እኛ የሜዳ ፍየል የምንላት ዓይነት ናት። አንቶኒ ሌግ እና ፒተር ራውሊ ኮንዊ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጥርሱን በዕድሜ በዕድሜ ሲለዩት አንድ ነገር ገረማቸው። ገና የተወለደ ግልገል አለ። ዓመት የሞላው አለ። ትልቁም አለ። የስድስት ወሩና የዘጠኝ ወሩ ግን የለም ማለት ይቻላል።

እስቲ አስቡት። ጋዜል እንደኛ አገር በግ በማንኛውም ወር አትወልድም፤ እዚያ የመውለጃ ጊዜዋ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ነው። ስለዚህ አራስ ግልገል፣ ልክ ዓመት የሞላው እና ትልቁ ብቻ፣ መሃል ላይ ያለው ሳይኖር፣ አብረው የሚገኙት በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ነው፤ መንጋው የዚያ አገር በጋ ሲገባ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ማለት ነው። ሰዎቹ ያን ጊዜ ጠብቀው በብዛት ያድናሉ፤ በሌላው ወር ደግሞ የዱር እህሉም ሥራ ሥሩም ነበራቸው። ይሄ ሁሉ ከጥርስ ነው የተነበበው! ስንት ዓመት አልፎኝ እንኳ ሳስበው አሁንም ልቤ ይሞቃል።

ጥንታዊ አዳኝ ሲባል ጦር ይዞ የሚሮጥ ጡንቻማ ሰው ብቻ የሚታያችሁ ከሆነ ተዉት። መንጋው መቼ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ የማያውቅ ሰው ቢሮጥስ ምን ያገኛል?

አገራችንም ጥሩ ምሳሌ አላት። መተማ አካባቢ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር፣ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች ሰፍረው ነበር። የጆን ካፕልማን ቡድን በ2024 ያወጣው ጥናት ነው። በጋ ላይ ወንዙ ይቆረጥና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። አውሬው ለመጠጣት ወደዚያ ይመጣል፣ ዓሣውም በትንሽ ውሃ ውስጥ ይታሰራል። ሱማትራ ላይ ቶባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ ደረቁ ጊዜ ሲበረታ ሰዎቹ ከቀድሞው የበለጠ ዓሣ መብላት ጀመሩ። አንዱ ኩሬ ሲመናመን ወደሚቀጥለው ይሄዱ እንደነበር ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። ድርቁን የነገራቸው አንዱ ማስረጃ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወጣት ሳለሁ ዓይኔ ትልቅ አጥንት ላይ ብቻ ነበር። ቶሎ ለመጨረስ ብዬ አፈሩን ሳልነፋ የደፋሁባቸው ቀናት አሉ። አብረውኝ የሚቆፍሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ከደፋሁት ክምር ውስጥ የዓሣ አከርካሪ ለቅመው በመዳፋቸው አሳዩኝ፤ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንፊት ከእጄ አልተለየም። የደፋሁት ግን አይመለስም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ አትቸኩሉ።

ከቻላችሁ ደግሞ ጋምቤላ ሂዱ። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ውሃና ሳር እየተከተለ ከደቡብ ሱዳን ወደኛ ይሻገራል፤ ድንበር የሚባል ነገር አያውቅም። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ከአየር ላይ ተቆጥሮ በ2024 ይፋ የሆነው የሚፈልሱ የሜዳ እንስሳት ቁጥር ወደ 6 ሚሊዮን ይጠጋል፣ አብዛኛው ይኸው ቆርኬ ነው። ለሥጋ ንግድ ማደኑ እየበረታ ስለሆነ እፈራለታለሁ። አብረዋቸው የኖሩ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፦ መቼ ይመጣሉ? ቀድሞ የሚያልፈው የቱ ነው? መልሱን በማስታወሻችሁ ጻፉ፣ ወሩንም አትርሱ።

ሩቅ መሄድ ካልቻላችሁም፣ ለመጪው በዓል ከሚታረደው በግ የታችኛውን መንጋጭላ እናታችሁን ለምኑ። ቀቅላችሁ አጽዱት፣ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ አድርቁት። ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ ሻጩ የነገራችሁን ዕድሜ፣ የታረደበትን ቀን በማይለቅ ቀለም ጻፉበት። የኔ የመጀመሪያዋ መንጋጭላ የፋሲካ በግ ናት፤ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለች።