ለበገና ቀረጻ ፕሪአምፕ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ በዐቢይ ጾም አዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ የበገና ጉባኤ በቀጥታ ልትቀዳ እንደሆነ፣ ያለህም አንድ ኤስኤም58 ማይክና ባለ ሁለት ቻናል ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) እንደሆነ ጽፈሃል። «ጥራት እንዲኖረው ፕሪአምፕ ልግዛ ወይ?» ላልከው፣ እኔ ብሆን ገንዘቡን ማይክ ላይ አውለዋለሁ። ፕሪአምፕ ማለት ከማይክ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ ነው፤ ኢንተርፌስህ ውስጥም አለ።

የመጀመሪያውን የበገና ቀረጻዬን የሠራሁት እንዳንተው በኤስኤም58 ነው። ደርዳሪው እንዳይረበሽ ብዬ ማይኩን አንድ ሜትር ያህል አራቅሁትና ጌይኑን (ፕሪአምፑ የሚያጎላበትን መጠን) እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ማታ ቤት ገብቼ በኢርፎን ስሰማው፣ ደርዳሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «ሽ...» የሚል ድምፅ ክፍተቱን ይሞላዋል። ያ የእንዚራው (ክሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት፣ በገናን በገና የሚያሰኘው፣ እዚያ ውስጥ ተውጦ ቀርቷል። በጣም አዘንኩ፤ ጉባኤው አይደገም ነገር።

ያኔ ጥፋተኛው ፕሪአምፑ መስሎኝ ነበር። አሁን ቁጥሩን ሳየው አይደለም። ፕሪአምፕ ከራሱ የሚያመጣው ጫጫታ ኢአይኤን በሚባል መለኪያ በዲቢዩ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ጫጫታው ያንሳል። የዛሬ ደህና ኢንተርፌስ -128 ዲቢዩ አካባቢ ነው። 150 ኦም ማይክ ሲሰካበት ደግሞ የማይኩ ሬዚስታንስ ራሱ ጫጫታ ስላለው፣ በዓለም ላይ ያለ ምርጡ ፕሪአምፕ እንኳ ከ-131 ብዙም አያልፍም። ያን ሁሉ ብር አውጥተህ የምታተርፈው 3 ዲሲብል ቢሆን ነው። ማይኩን ከአንድ ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር ብታቀርበው ግን ያለ ምንም ወጪ 6 ዲሲብል ያህል ታገኛለህ።

ማይኩን ስትቀይር ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ለአንድ ዓይነት ድምፅ ኤስኤም58 1.9 ሚሊቮልት ያህል ሲሰጥ፣ እንደ ሮድ ኤንቲ1-ኤ ያለ ኮንደንሰር 25 ሚሊቮልት ይሰጣል። ይህ ከ22 ዲሲብል በላይ ነው፤ ፕሪአምፑ ያን ያህል እንዲለፋ አይገደድም ማለት ነው። ኮንደንሰር ኃይል ስለሚፈልግ፣ ኢንተርፌስህ ባለ 48 ቮልት ፋንተም (በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ) መሆኑን ብቻ አረጋግጥ።

እኔ አሁን ማይኩን ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር አቅርቤ፣ በደርዳሪው አፍና በበርኩማው (ክሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ) መካከል አነጣጥረዋለሁ። ዜማውንም ክሩንም አንድ ላይ ይይዛቸዋል። በአቅራቢያው ስፒከር ካለ ግን የማይኩን ጀርባ ወደ ስፒከሩ አዙርልኝ።

የአዳራሹ ሚክሰር ላይ ተንጠልጥለህ አትቅዳ። ባለሙያው ለሕዝቡ ብሎ ጌይን በነካ ቁጥር ያንተም ቀረጻ አብሮ ይዘላል። የግድ አንድ ማይክ መጋራት ካለባችሁ ስፕሊተር (የአንዱን ማይክ ሲግናል ለሁለት የሚከፍል) ተጠቀሙ፣ ፋንተሙንም አንዳችሁ ብቻ ክፈቱ። ላፕቶፕህን በባትሪ አስነሳ፤ ቻርጀር ሲሰካ የሚመጣው «እም...» የሚል ድምፅ በበገና ላይ ጎልቶ ይሰማል።

ጾሙ ተፈትቶ ከበሮ ሲገባ ጉዳዩ ይገለበጣል። ያኔ የሚያስቸግርህ የጌይን ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነው፤ ባለ 10 ወይም ባለ 20 ዲሲብል ፓድ (ሲግናሉን የሚቀንስ ማብሪያ) ያለው ፕሪአምፕ ወይም ማይክ ያስፈልግሃል። በልምምድ ጊዜ ከፍተኛው ምት በቀረጻው መለኪያ ላይ ከ-18 ዲሲብል (0 ጣሪያው ነው) እንዳያልፍ አድርገህ አስተካክል፤ ምእመኑ ሲያጨበጭብ ከበሮ መቺው እጁ ይጠነክራል። በ24 ቢት እስከቀዳህ ድረስ ዝቅ ብሎ መቀዳቱ አይጎዳህም።

ፕሪአምፕ መግዛት የሚያዋጣህ ቻናል ሲያንስህ ነው። ባለ 8 ቻናል ፕሪአምፕ ኤዳት በሚባል፣ ስምንቱንም ቻናል አንድ ላይ በሚያስተላልፍ ገመድ ከኢንተርፌስህ ጋር ይገናኛል፤ ከመግዛትህ በፊት የኢንተርፌስህን ጀርባ አይተህ የኤዳት መግቢያ መኖሩን እይ።