መልስ፦ የድሮ ፋንዚን ሂስ ከምን ይጀመር?

የድሮዎቹን የአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድ ፋንዚኖች (አድናቂዎች ራሳቸው አዘጋጅተው የሚያባዟቸውን መጽሔቶች) ስትገመግም ከምን እንደምትጀምር ለጠየቅከው፦ መጀመሪያ በምን እንደተባዛ ለይ። በሄክቶግራፍ (ጽሑፉን ከጄላቲን ላይ ወደ ወረቀት በሚያትም ዘዴ) ከሆነ ከ50 ቅጂ ገደማ በኋላ ሐምራዊው ቀለም ስለሚደበዝዝ እንደ አዘጋጁ ስንፍና አትቁጠረው። በስቴንስል ማባዣ (በታይፕ በተበሳ ስስ ወረቀት፣ በስቴንስል፣ በኩል ቀለም በሚያሳልፍ መሣሪያ) ከሆነ ግን ክብ ፊደሎች መሃላቸው በቀለም ከተደፈነ፣ ታይፑ ከመጠን በላይ ተመትቶ ስቴንስሉን ቆርጦታል፤ ይህ ይነቀፋል። ጽሑፉ ወደ ጀርባ ካለፈ ወረቀቱ ስስ ነው ወይም ቀለሙ በዝቷል።

ከዚያ የአንባቢ ደብዳቤዎቹን አንብብ፤ የፋንዚን ነፍሱ እዚያ ነው። አዘጋጁ ደብዳቤ ሲያሳጥር የጸሐፊውን ነጥብ ጠብቋል? ለተቃወመውስ መልሷል? «ደስ ይላል» ብለህ አትለፍ፣ ገጽ ጠቅሰህ የጎደለውን ጻፍ። ልቦለዱን መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ጥሩ ታሪክ የጻፈ ሰው ለሚከፍል መጽሔት ስለሚልከው ብዙ ጊዜ ደካማው ክፍል እሱ ነው።