የእማዬን ሳንባ በአልትራሳውንድ ላስመርምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው፣ እማዬ 61 ዓመቷ ነው፣ እኛን ያሳደገችን እንጀራ እየጋገረች ሸጣ ነው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፣ ግን አሁን ዳገት እንኳን ሳይሆን ከቤት እስከ ታክሲ መያዣው ሁለቴ ሦስቴ ቆማ ነው የምትደርሰው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሳሏ ለጉድ ነው። ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ የቆየ የሳንባ በሽታ በአልትራሳውንድ እንመረምራለን ብሎ ለጥፏል፣ ልውሰዳት ወይስ ብሬን ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ብርሽን ያዢው።

አልትራሳውንድ እኛ የማንሰማው ድምፅ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ነው ምስል የሚሰራው። ጉበት ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ፣ ጽንስ ጋ በደንብ ይሄዳል፣ አየር ካገኘ ግን እዛው መትቶ ይመለሳል፣ ሳንባ ደግሞ አየር ነው። እናትሽ ላይ የምጠረጥረው ሲኦፒዲ የሚባለው የቆየ የሳንባ በሽታ ጭራሽ አየሩን ያበዛዋል፣ የሳንባ የአየር ቱቦዎቹ ስለሚጠቡ የገባው አየር መውጣት ያቅተውና ሳንባው እንደተነፋ ይቀራል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከጤነኛ ሰው ሳንባ ብዙም ላይለይ ይችላል፣ እናትሽም ምንም የለብዎትም ተብለው በሽታውን ይዘው ቤት ሊገቡ ይችላሉ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

ማሽኑ ለሳንባ አይረባም ማለቴ ግን አይደለም። ሰው ድንገት ትንፋሽ አጥሮት ሲመጣ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ እንደሆነ፣ ኒሞኒያ እንደሆነ፣ ሳንባና ደረት መሃል ፈሳሽ ገብቶ እንደሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል፣ ጨረርም የለውም። ሊችተንስታይን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው አሰራር ዛሬ ብዙ ድንገተኛ ክፍል ይሰራበታል። ዳያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ስር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስም ይታያል፣ ሲኦፒዲ የጠናበት ሰው ላይ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ግን ይሄ ተጨማሪ መረጃ ነው እንጂ በሽታው አለ የለም የሚባልበት አይደለም።

የሚባልበት ስፓይሮሜትሪ ነው፣ የትንፋሽ መለኪያው። እናትሽ አየር በደንብ ስበው ባላቸው አቅም እስኪያልቅ ድረስ የማሽኑ አፍ ውስጥ ይተነፍሳሉ፣ የሳንባን የአየር ቱቦ የሚከፍት መድኃኒት ተሰጥቷቸው ይደገማል፣ ከዛም በኋላ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ ቱቦው ጠቧል ማለት ነው። መርፌ የለው ምን የለው። ሁሉም ክሊኒክ ስለሌለው ሄደሽ ከመሰለፍሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ፣ የሳንባ ክትትል ያለባቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ጋ ሪፈር አስጽፊ።

ከሱ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ሄደው አክታ ይስጡ። እኛ አገር ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል መጀመሪያ ቲቢ ነው የሚጠረጠረው፣ የመንግስት ጤና ጣቢያ ደግሞ ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። ራጅም ያንሱ። እግራቸው ካበጠ ወይ ማታ ጋደም ሲሉ አየር የሚያጥራቸው ከሆነ ልብ ሊሆን ስለሚችል ያን ጊዜ የልብ አልትራሳውንድ ብር ቢወጣበት አይቆጭም።

ሲጋራ አያጨሱም ያልሽው ነገር ልቤን ነካው፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች በዚሁ ምክንያት ነው ሳይታዩ የሚቀሩት። መስኮት የሌለው ማድ ቤት፣ እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠል፣ ሰጋቱራ፣ ኩበት፣ በዛ ላይ ጎንበስ ብሎ እፍ ማለት፣ ይሄ ለሠላሳ ዓመት ሲሆን ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሲጋራ ጋር የሚሰለፍ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በሲኦፒዲ ከ3 ሚሊዮን ሰው በላይ እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ተናግሯል፣ እንደኛ ባሉ አገሮች ደግሞ የማገዶ ጭስ ዋና ከሚባሉት መንስኤዎች አንዱ ነው። አሁንም የሚጋግሩ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዢላቸው፣ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ምጣዱ ደጅ ይውጣ ወይ ሌላ ሰው ይጋግር፣ የተጎዳው ባይመለስም የቀረውን ማትረፍ ይቻላል።

ሐኪም ጋ ስትገቡ ስንት ዓመት ጭስ ላይ እንደቆዩ አንቺው ቀድመሽ ተናገሪ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ ወይ ብሎ ብቻ ጠይቆ ሊያልፍ ይችላል፣ እናትሽ ደግሞ ጭሱ በሽታ እንደሚያመጣ ስለማያውቁ አይነግሩትም።